በእናቴ ደረት ላይ ያለው ጃርት

ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በስፌት ቤታችን ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፦ እናቴ፣ እኔ፣ ሁለተኛው ማሽን ላይ የሚሠራው ሜትሮ፣ እና የቀሚስ ወገብ ልታስጠብብ የመጣች አንዲት አስተማሪ። ሜትሮን ሜትሮ ያልነው መለኪያው ከአንገቱ ስለማይወርድ ነው። ምሳ ሲበላም አያወልቀውም።

እናቴ ከአራት ወር በኋላ ወደ ሥራ የተመለሰችበት ቀን ነበር። ሽርጧን አሰረች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ጃርት የምንለውን የስፒል መያዣዋን ግራ ደረቷ ላይ ሰካች፣ ከዚያ ማሽኗ ፊት ተቀመጠች። ወዲያው ከሆነ ቦታ ቀጭን ድምፅ መጣ። ትንኝ ጆሮ ሥር ስትዞር የምታሰማውን ይመስላል፤ ይኼኛው ግን አይዞርም፣ አንድ ቦታ ቆሞ ይጮኻል። አሥር ሰከንድ ያህል ቆየና ጠፋ።

"ተናጋሪው፣ ስልክህ ነው" አለኝ ሜትሮ። ተናጋሪው የሚለኝ ስለማልናገር ነው።

ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። ጠፍቶ ነበር።

እናቴ ጎንበስ ብላ መርፌው ውስጥ ክር አስገብታ ቀና ስትል ድምፁ እንደገና መጣ። ሜትሮ የካውያውን ሶኬት ነቀለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የማሽኑንም ነቀለ። ከዚያ ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠና "ዘይት አምሮት ነው" አለ። አስተማሪዋ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። መሳቢያዎቹን ከፈትን፣ የግድግዳውን ሰዓት አውርደን ባትሪውን አወጣን። አስተማሪዋ ግን ቀስ በቀስ መሳቋን ትታ እናቴን ታያት ጀመር።

"ይቅርታ እትዬ፣ ከእርስዎ የሚመጣ መሰለኝ" አለች።

እናቴ እጇን አንስታ ከግራ ትከሻዋ በታች አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው የለም።

እዚያ ቦታ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ የክብሪት ሣጥን የሚያህል ማሽን አለ። ከስምንት ወር በፊት የደንበኛ ትከሻ እየለካች ሳለ ድንገት ወድቃ፣ ሆስፒታል ገብታ ነው ያስገቡላት። ሐኪሙ ሲያስረዳን "ልባቸው አንዳንዴ ሥርዓቱን ስቶ ይሮጣል፤ ካልቆመ ይገድላቸዋል። ይህ ማሽን ሌት ተቀን ይጠብቃቸዋል። ልብ ሲሮጥ በኤሌክትሪክ መትቶ ይመልሰዋል። ዘበኛ በሉት" አለን። ዘበኛው የሚለው ስም እኛ ቤት ከዚያ ወጣለት።

ዘበኛው አንድ ቀን ሥራውን ሠርቷል። በገባ በአራተኛው ወር፣ አንድ ሰውዬ ኮት ሲሞክር እናቴ እጅጌው ላይ ስፒል እየሰካች ሳለ መታት። ጮኸችና ወደ ኋላ ወደቀች። እኔ ሄጄ ሳልይዛት ደግሞ መታት። ሰውዬው አንድ እጅጌ ብቻ ያለውን ኮት እንደለበሰ ወጥቶ ሮጠ። ሜትሮ ስለዚህ ሰውዬ አሯሯጥ ብዙ ቀልዷል። እናቴ አንድም ቀን አልሳቀችም።

"ደረቴ ውስጥ የብረት በር በኃይል የተዘጋ ነው የመሰለኝ" ትላለች። "ከውጭ የመጣ ቢሆን እሸሸው ነበር። ከውስጥ ነው፤ ወዴት ይሸሻል?"

ሐኪሙ "ሕይወትዎን እኮ አትርፎልዎታል" አላት።

"ዘበኛ ባለቤቱን ይመታል እንዴ?" ብላ መለሰችለት።

ከዚያ ወዲህ የምትፈራው የልብ በሽታዋን መሆኑ ቀረ። የምትፈራው ዘበኛውን ነው። ስፌት ተወች። ብቻዋን አትታጠብም፤ እኔ ወይም እህቴ በሩ ጋ ቆመን እያወራናት ነው የምትታጠበው። ጋደም ስትል የሚመታት ስለሚመስላት ግድግዳ ተደግፋ፣ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። ሻይ ሞቋት ልቧ ትንሽ ፈጠን ካለ ስኒውን ታስቀምጥና ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። ምንም ካልመጣ በኋላም ወዲያው አትገልጠውም።

ስለዚህ ያን ሰኞ ደረቷ ሲጮኽ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፦ ሊመታት ነው።

ለክሊኒኩ የደወልኩት እኔ ነኝ። ሜትሮ ቁጥሩን ነክቶ ስልኩን እጄ ላይ ባያስቀምጠው ኖሮ አልደውልም ነበር። ያነሣችው የልብ ማሽኖችን የምትከታተለው ሲስተር ናት።

"ምን ዓይነት ድምፅ ነው?"

"ቀጭን።"

"ሌላስ?"

"ይቆማል።"

ሜትሮ ራሱን ያዘ።

"አጠገቧ ማግኔት ያለበት ነገር አለ?"

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ጨርቅ፣ ክር፣ ካውያ፣ መስታወት። "እማ፣ እዚህ ማግኔት አለ?"

"ምን ማግኔት አለ እዚህ" አለች እናቴ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

"የለም" አልኩ ለሲስተር።

"እንግዲያው ነገ ጠዋት ይዘሃት ና። ራሷን ካዞራት ወይም ከመታት ግን አሁኑኑ።"

ስልኩን ዘግቼ እናቴን ሳያት ስፒሎቹ ደረቷ ላይ ቆመው ነበር።

ጃርት የምንለው ይህንን ነው። የብርቱካን ግማሽ የሚያህል የጨርቅ ትራስ ነው። ሌሎች ሰፊዎች ሲሠሩ ስፒሎቻቸውን በከንፈራቸው ይይዛሉ። እናቴ አንድ ጊዜ ልትውጥ ደርሳ ነበርና አባቴ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ክብ ማግኔት አውጥቶ፣ በጥጥና በጨርቅ ጠቅልሎ ሰፋላት። ስፒሎቹን ወደ ደረቷ ስታስጠጋ ራሳቸው ዘለው ይለጠፋሉ፤ ጫፍ ጫፋቸው እየቆመ ጃርት ይመስላል። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴ ሞተ፣ ጨርቁ ሦስት ጊዜ ተቀየረ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያስብ ሰው ጠፋ። ለእኛ ጃርት ነው፣ በቃ። ማሽኑ ከገባላት በኋላ ደግሞ ቁስሉ እስኪሽር ብላ በቀኝ በኩል ታደርገው ነበር። በግራ ስታደርገው የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

"እማ፣ ጃርቱን እስቲ አውልቂው" አልኳት።

አወለቀችው።

"መልሺው።"

መለሰችው። ድምፁ መጣ።

"እሰይ፣ ማሽናችን በሐሰት ተከሶ ነበር" አለ ሜትሮ። ሁላችንም ተነፈስን። አስተማሪዋ እንኳን ቀሚሷን ረስታ እናቴን አቀፈቻት።

ዝም ብል ኖሮ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ከማሽኑ ጋር የሰጡንን ትንሽ መጽሐፍ ከመሳቢያ አወጣሁ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ባልማርም ማንበብ እወዳለሁ፤ ሰው ፊት ሳነብ ደግሞ የምናገረው እኔ ስላልሆንኩ አላፍርም። ማግኔት የሚለውን ገጽ አገኘሁና ጮክ ብዬ አነበብኩ። "ማግኔት በመሣሪያው ላይ እስካለ ድረስ መሣሪያው በኤሌክትሪክ አይመታም። ማግኔቱ ሲነሣ መሣሪያው ወደ ሥራው ይመለሳል። ማግኔት ከመሣሪያው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ።"

"የመጀመሪያውን ድገመው" አለች እናቴ።

ደገምኩላት።

ለሲስተር መልሼ ደወልኩ። ጃርቱን ስነግራት ሳቀች። "ጎበዝ፣ አርቁላት። እንደሱ ከሆነ ነገ መምጣት የለባትም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቀጠሮ አላት፣ ያኔ አያታለሁ" አለች። ጃርቱን ቀድጄ ማግኔቱን ልጥለው ስል እናቴ እጇን ዘረጋች።

"አባትህ የሰፋውን ነው የምትጥለው? አምጣው።"

ተቀብላኝ ክር ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። እኔ ለስፒሎቿ ባዶ የቅባት ጣሳ ሰጠኋት።

ማክሰኞ እናቴ ብቻዋን ታጠበች። በሩ ጋ ልቆም ስሄድ "ሥራ የለህም?" አለችኝ። ረቡዕ ማታ እንደማንኛውም ሰው ጋደም ብላ፣ ትራሷ ላይ ተኛች። ሐሙስ ብቻዋን መንገድ ተሻግራ ቁልፍና ዚፕ ገዝታ መጣች፤ በመንገድ ላይ ስላየችው የውሻ ጠብ እየተረከች ሜትሮን አሳቀችው። እህቴ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ታያታለች። "መድኃኒቱ ያዘላት" አለችኝ ጆሮዬ ሥር። ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለሦስት ቀን ሙሉ።

ዓርብ ጠዋት ካውያ እስኪግል ስጠብቅ ስፌት ቤቱን ከመኖሪያችን ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ፣ ከእናቴ መኝታ፣ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። አሥር ሰከንድ ያህል። ከዚያ እናቴ እያንጎራጎረች ወጣች። የግድግዳው ሰዓት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰዓቱ በሕይወቱ ጮኾ አያውቅም።

ቅዳሜ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ጠርዝ እያጠፍን ነበር። "ስፒል" አለችና እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ከጣሳው አንድ ስፒል አንሥቼ በትከሻዋ በኩል ሳቀብላት ከጣቶቼ መሐል ዘለለና ቀሚሷ ላይ፣ ከግራ ትከሻዋ በታች፣ ተለጠፈ። ቆሞ ቀረ። ሁለታችንም አየነው። ሜትሮ ጀርባውን ሰጥቶን ቁልፍ ይተክላል። እናቴ ስፒሉን በሁለት ጣቷ ነቅላ ጠርዙ ላይ ሰካችውና መስፋቷን ቀጠለች።

ሜትሮ ለምሳ እስኪወጣ ጠበቅሁ።

"የት አደረግሽው?"

"የውስጥ ልብሴ ማሰሪያ ላይ ሰፍቼዋለሁ። በድርብ ክር።"

"ስትታጠቢስ?"

"በላስቲክ አስሬው ነው።"

"እማ፣ እሱ እያለ እኮ ዘበኛው ..."

"አውቃለሁ። አንብበህልኛል።"

"ብትሞቺስ?"

ጨርቁን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ስማ ልጄ። አንተ ተመትተህ አታውቅም። እህትህም፣ ሐኪሙም አልተመቱም። ሁላችሁም ዕድለኛ ነሽ ትሉኛላችሁ። አራት ወር ሙሉ ቁጭ ብዬ ዕድሌ መቼ ይመታኝ ይሆን ስል ከረምኩ። ያ ሕይወት ከተባለ አንተ ኑረው። አሁን አምስት ቀን ሆነኝ ሰው ከሆንኩ።"

ጣሳውን ወደ ራሴ ሳብኩ።

"ለእህትህ እንዳትነግራት፤ ቤቱን ታፈርሰዋለች። ለዚያች ሲስተርም። አንተ እንደሆንክ ከአፍህ ቃል አይወጣም፣ ለዚህ ነው የማልሰጋው" አለችና ፈገግ አለችልኝ። ስትቀልድ ነው። እኔን ግን ወጋኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው በደንብ አላስታውስም። የማስታውሰው ማሽኗን ነው። ማሽኗ እየጮኸ ከሆነ በሕይወት አለች። ሲቆም ቀና እላለሁ፤ ክር ቆርጣ ነው። እንደገና ሲቆም ቀና እላለሁ፤ ጨርቅ አዙራ ነው። ሜትሮ "አንገትህን ብርድ መትቶሃል? ዶሮ ሆንክብኝ እኮ" አለኝ። አንድ ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ፣ አንዱን በካውያ አቃጠልኩ። ማሰሪያውን ተኝታ ሳለ ልቆርጠው አስቤ ነበር። ነቅታ እኔን በመቀስ አጠገቧ ስታይ ልቧ ምን እንደሚሆን ሳስበው ተውኩት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማሽኗ ቆመ። ቀና አልኩ። ክር አልቆረጠችም፣ ጨርቅም አላዞረችም። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ፣ ግድግዳውን ታያለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ተነሣሁ። መቀሱ በእጄ ነበር። ቀሚሷን ከአንገቱ ጀምሬ ልቀደው፣ ማሰሪያውን ልበጥሰው ሁለት እርምጃ ሄድኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ካወለቅሁት ይመታታል፤ ካላወለቅሁት ትሞታለች፤ በሁለቱም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስንት ሰከንድ እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ እናቴ በረጅሙ ተነፈሰችና እግሯን ፔዳሉ ላይ መለሰች።

"ምንም አይደለም" አለች፣ ሳትዞር። "ውሃ ስጠኝ።"

ስኒውን ስትቀበለኝ ጥርሷ ጠርዙን ይመታው ነበር።

ሐሙስ እህቴ ፈቃድ ወስዳ ሦስታችንም ክሊኒክ ሄድን። ከመግባታችን በፊት እናቴ መጸዳጃ ቤት ገባች። ስትወጣ የቦርሳዋን ዚፕ እየዘጋች ነበር። ሲስተር አልጋ ላይ አስቀምጣት፣ ገመድ ያለው ክብ ነገር ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ኮምፒውተሯን እያየች "ማግኔቱን አራቃችሁት አይደል?" ብላ ጠየቀች።

"አርቀነዋል" አለች እናቴ።

"በጣም ጥሩ። ከአራት ወር ወዲህ አንድም ምት የለም። ባትሪውም ሙሉ ነው።"

"ሌላ ሰው ነው የሆነችው እኮ ሲስተር" አለች እህቴ። "ትስቃለች፣ ብቻዋን ትወጣለች።"

"እንግዲህ ከስድስት ወር በኋላ እንገናኛለን" ብላ ሲስተር ገመዱን ትጠቀልል ጀመር።

እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ገመዱ ሦስት ዙር ከተጠቀለለ በኋላ "ሲስተር" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። "ሲስተር" አልኩ እንደገና።

እናቴ ቦርሳዋን ወደ ሆዷ ሳበች።

"ቦርሳዋ ውስጥ ነው" አልኩ። "ቀንም ሌትም ታደርገዋለች። አሁን ለእርስዎ ብላ ነው ያወለቀችው። ማክሰኞ ደግሞ የሆነ ነገር ሆና ነበር።"

"ምኑን ነው የምታደርገው?" አለች እህቴ። ማንም አልመለሰላትም።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሲስተር ግን ገመዱን አስቀምጣ አልጋው ላይ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። "እማማ፣ ሲመታዎት ምን ሆኑ?" አለቻት።

እናቴ የቦርሳዋን ዚፕ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ስለ ብረቱ በር ነገረቻት፤ እሱን እኛም እናውቀዋለን። ቀጥላ የተናገረችውን ግን አናውቅም ነበር። "በሁለተኛው ምት ሽንቴ አመለጠኝ። እዚያው ደንበኛ ፊት፣ ልጄ ፊት። ሰውዬው አየ። የሮጠው ፈርቶ አይደለም፤ እንዳያሳፍረኝ ብሎ ነው።" እህቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ከሜትሮ ጋር በዚያ ሰውዬ ስንት ጊዜ እንደሳቅሁ አሰብኩ።

"ማክሰኞ ምን ሆነው ነበር?" አለች ሲስተር።

"ትንሽ ደከመኝ።"

ሲስተር ኮምፒውተሩን እንደገና አየች። "እዚህ ምንም አልተጻፈም። ማግኔት ካለ ማሽኑ አያይም፣ አይጽፍም። ልብዎ ያን ጊዜ ምን እንዳደረገ እኔ ማወቅ አልችልም።"

"ሮጦ ነበር" አለች እናቴ ቀስ ብላ። "እንደ መጀመሪያው ቀን። ልጄ ፊቴን ሲያይ በመስታወቱ አየሁት።"

ሲስተር የሚቻለውን ነገረቻት። ሐኪሙ ማሽኑን ሊያስተካክለው ይችላል፤ ከመምታቱ በፊት ልብን ሳያሳምም በቀስታ ለመመለስ ደጋግሞ እንዲሞክር ይደረጋል። የመድኃኒቱንም መጠን ይጨምሩላታል።

"አይመታኝም ማለት ነው?"

"እንደሱ ልልዎት አልችልም።"

"ታዲያ ምን ልትሰጪኝ ነው?"

"ያነሰ" አለች ሲስተር። "ምናልባት በጣም ያነሰ። ዋሽቼ ግን ጨርሶ አይመታዎትም አልልም።"

እናቴ ቦርሳዋን ከፍታ ማሰሪያውን አወጣች። የሰፋችውን ድርብ ክር በጥፍሯ መፍታት አቃታት። በራሷ ስፌት ላይ ትንሽ ተናደደች። የሲስተርን መቀስ ከጠረጴዛው ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ መቀሱ ዘሎ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ። አላቀቀችው፣ ክሩን አንድ በአንድ ቆረጠች፣ ማግኔቱን ጠረጴዛው ላይ ትታው ተነሣች። እኔን አላየችኝም።

የዚያኑ ቀን ሐኪሙ ማሽኑን አስተካከለው። በአውቶቡስ ስንመለስ እናቴ ከእህቴ ጋር ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላቸው ቆምኩ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ዘበኛው ስፌት ቤት ውስጥ መታት። አንድ ጊዜ ነው። ማሽኑን ያነበበችው ሲስተር ሳይመታ ለመመለስ ሦስት ጊዜ ሞክሮ እንዳልቻለ፣ ባይመታት ኖሮ እንደማትነሣ ነገረችን። እናቴ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። ማክሰኞ ጠዋት ሽርጧን አሰረችና የደንብ ልብሶቹን ጠርዝ ማጠፍ ቀጠልን።